የቄሱ ውሃ ጥም

ወረታ ጤና ጣቢያ ስመደብ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ዘመኑ የሃምሳዎቹ መጀመሪያ ነው። ጎንደር ዓመት ከመንፈቅ የላቦራቶሪ ሥራ ተምሬ መምጣቴ ነበር። ትውልዴ ደብረ ታቦር ስለሆነ ፎገራን አላውቀውም አልልም፤ ነገር ግን ሜዳውን ከላይ ቁልቁል አይቶ ማለፍና ውስጡ መኖር ለየቅል ነው። በበጋ ጥቁሩ ዋልካ አፈር ተሰነጣጥቆ እግር ይውጣል፤ በክረምት ወንዞቹ ርብና ጉማራ ሞልተው ሲወጡ ደግሞ ሜዳው ራሱ ጣና ይሆናል።

ላቦራቶሪ የሚባለው ከካርድ ክፍሉ ጋር ግድግዳ የሚጋራ አንድ ጠባብ ክፍል ነበር። ብርሃኑን ከመስኮት በመስተዋት የሚቀበል አንድ ማይክሮስኮፕ፣ አንድ የአልኮል መብራት፣ የፈላ ውሃ የማስቀምጥበት እንስራና ጥቂት ጠርሙሶች ነበሩኝ። ሥራዬ ዘጠኝ እጁ ወባ ነው። ጣት እወጋለሁ፣ ደሙን መስታወት ላይ እቀባለሁ፣ አለ ወይም የለም እላለሁ። ይህን የሚያዩ የሰፈር ልጆች «አልቅት» የሚል ስም አወጡልኝ። አልቅት ከብቶቹ ረግረግ ውሃ ሲጠጡ አፍንጫቸው ገብታ ደም የምትመጥ ናት። መጀመሪያ ተናድጄ አለቀስኩ፤ ኋላ ኋላ «አልቅት!» ሲሉኝ «አቤት» እስከማለት ደረስኩ።

ቄሱ የመጡት ሁዳዴ ከተጋመሰ በኋላ፣ በወረታ ገበያ ቀን ነው። እሳቸው በበቅሎ፣ ባለቤታቸው በእግር፣ ከርብ ማዶ ካለ ደብር ሁለት ሰዓት ተጉዘው ነው የደረሱት። አምሳ ዓመት የሚሞላቸው ሰው ናቸው። ድሮ ግዙፍ እንደነበሩ ልብሳቸው ይመሰክራል፤ እጀ ጠባቡ ትከሻቸው ላይ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። ጉንጫቸው ገብቷል። ጥምጥማቸው ብቻ አልቀነሰም።

ጤና መኮንናችን የሸዋ ልጅ ነበር፤ ደግ፣ ግን ችኩል። ክሳታቸውን እንዳየ ነቀርሳን ጠረጠረ። አክታ እንድመረምርና ደማቸውን ቀድቼ የደሙን አወራረድ እንዳይ ወረቀት ጽፎ ላከልኝ።

ቄሱ መርፌውን በእጄ ሲያዩ በሩ ላይ ቆሙ።

«የምትወጋኝ አንቺ ነሽ?»

«እኔው ነኝ አባ። ሌላ ሰው የለም።»

ባለቤታቸው ከኋላ ሆነው ገፋ አደረጓቸው። «ኧረ ይስጧት እጅዎን! ሴት አይዶለች እንዴ የወለደችዎ?»

እሳቸው ፈገግ ብለው ተቀመጡና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። እኔ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ደም የፈሰሰው ቄስ በዚያ ቀን መቅደስ እንደማይገባ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ።

«አባ፣ ዛሬ ቅዳሴ ካለብዎ ነገ ቢመጡ ይሻላል» አልኳቸው።

«ግድ የለም ልጄ፤ ቅጂ። ከጥምቀት ወዲህ አልቀደስኩም።»

ይህን ሲሉ ባለቤታቸው ዓይናቸውን ወደ መሬት አደረጉ። ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ አልገባኝም።

ደሙን እንዳይረጋ ከሚያደርገው ፈሳሽ ጋር ቀላቅዬ፣ እንደ እርሳስ ቀጥ ባለችው ቀጭን የመስታወት ቱቦ ስቤ፣ ማቆሚያው ላይ ተከልኳት። ይህ ምርመራ ከመጠበቅ በቀር ሙያ አይጠይቅም። አንድ ሰዓት ሙሉ ቱቦዋ ሳትነካ ትቆማለች፤ ከዚያ ቀዩ ስንት መስመር ወደ ታች እንደወረደ ይነበባል። ሌላው በሽተኛ ውጭ ዛፍ ሥር ሄዶ ይቀመጣል፤ ቄሱ ግን አልወጣም አሉ። ወንበራቸውን አስጠግተው ቱቦዋን እንደ ዳዊት አተኩረው ያነቧት ጀመር።

«አሁን ምን እየሆነ ነው?»

«እየወረደ ነው አባ። ቀዩ ይዘቅጣል፣ ገለባ የመሰለው ውሃ ከላይ ይቀራል። በሰውነት ውስጥ የተቆጣ ነገር ካለ ቶሎ ይወርዳል፤ ከሌለ ቀስ ይላል።»

«ቁስል ተቆጣ እንደምንለው?»

«እንደዚያው። በውጭ የማይታይ ቁስል እንኳ ቢሆን ደሙ ይናገራል።»

«ኃጢአትስ ይናገር ይሆን?» አሉ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ዓይናቸው ከቱቦዋ ወደ እንስራው መመላለስ ጀመረ። ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ምላሳቸውን ሲያንቀሳቅሱ የሚጣበቅ ድምፅ ይሰማል። በመጨረሻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ከዚያ ውሃ ትሰጪኝ?» አሉኝ።

ከረፋዱ አራት ሰዓት ነው። ሁዳዴ ነው። የጠየቁኝ ቄስ ናቸው። እጄ ጣሳው ላይ ቀረ። ባለቤታቸው ግን ጣሳውን ከእጄ ተቀብለው ቀድተው ሰጧቸው፤ ለብዙ ጊዜ የለመዱት ነገር ይመስል ነበር። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ ጋቢያቸውን ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው ጠጡ። ደግመው ጠጡ። አራት ጣሳ ቆጠርኩ። ከጋቢው ሲወጡ ዓይኔን አላዩኝም።

ሰዓቱ ሲሞላ ቱቦዋን አነበብኩ። ደሙ የጤነኛ ሰው ያህል ጥቂት መስመር ብቻ ነበር የወረደው። አክታውም ንጹህ ነው። ደስም አለኝ፣ ግራም ገባኝ። የተቆጣ ነገር ከሌለ ይህን የሚያህል ሰው ምን ጨረሰው? ጤና መኮንኑም ወረቀቴን አይቶ አገጩን አሸት አሸት አደረገና «ነቀርሳስ አይመስልም። ምናልባት ትል ይሆናል» ብሎ የትል መድኃኒትና የሚያጠነክር ኪኒን ሰጥቶ አሰናበታቸው።

በቅሎዋ ተጭና ቄሱ ሊቀመጡ ሲሉ ባለቤታቸው «ነጠላዬን ረሳሁ» ብለው ተመልሰው ገቡ። ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ ነበር። በሩን ገርበብ አደረጉት።

«ልጄ፣ ሴት ስለሆንሽ ነው የምነግርሽ። ለዚያ ለወንዱ እንዴት አድርጌ እላለሁ? ጠዋት ጠዋት ከጓሮ እሳቸው ከሚሸኑበት ላይ ጉንዳን ይወርረዋል። ልጆቹ በሸኑበት የለም፣ እኔ ዘንድ የለም፤ እሳቸው ዘንድ ብቻ። አመድ ነሰነስኩበት፤ ተመልሶ ይመጣል። አንዳንዱ ሰው መተት ነው ይላል። እኔ ግን ጉንዳን ያለ ማር፣ ያለ ጣፋጭ ሲሰበሰብ አላየሁም። ምንድን ነው?»

ጎንደር ሳለን መምህራችን ስለዚህ ነገር የተናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር። በአንድ ቀን ትምህርት መካከል፣ እንደ ጨዋታ ጣል ያደረጋት። ያቺ ዓረፍተ ነገር ተመልሳ መጣችልኝ። ሴትዮዋን እዚያው ትቼ እየሮጥኩ ወጣሁና የበቅሎዋን ልጓም ያዝኩ።

«አባ፣ ይውረዱ። አንድ ምርመራ ቀርቶናል።»

የሽንት ስኳር የሚታየው እንዲህ ነው። ሰማያዊ ፈሳሽ በቱቦ ውስጥ ይደረጋል፤ ጥቂት ጠብታ ሽንት ይጨመርበታል፤ ከዚያ እሳት ላይ ይፈላል። ስኳር ከሌለ ሰማያዊው ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። ትንሽ ካለ ይለመልማል፤ ሲበዛ ቢጫ፣ ሲብስ ደግሞ የገል ቀለም ይሆናል። በዚያ ክፍል ምርመራውን ሠርቼ ከአረንጓዴ ያለፈ አይቼ አላውቅም ነበር። የቄሱን ይዤ በእሳቱ ላይ ሳወዛውዘው ገና ሁለቴ ሳይንፈቀፈቅ ሰማያዊው ጠፋ። አረንጓዴውንና ቢጫውን በችኮላ አልፎ ገል ሆኖ ቁጭ አለ። ጤና መኮንኑን ጠራሁት። ቱቦውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ አየና ፊቱ ቀላ።

«የስኳር በሽታ ነው» አለ። «እኔ ደግሞ የትል መድኃኒት ሰጥቻቸው ልሰድ ነበር።»

ቁጭ አድርጎ ነገራቸው። ሰውነት የበላውን ወደ ጉልበት መለወጥ እንዳቃተው፣ ስኳሩ በደም ውስጥ እንደሚከማች፣ ኩላሊት ያንን አጥቦ ለማውጣት ውሃ ውሃ እንደሚል፣ ያም ውሃ ከሰውነት ስለሚሄድ አፍ እንደሚደርቅ። ብዙውን እንዳልሰሙት ገብቶኛል። አንዷን ግን ሰምተዋል።

«ጥሙ» አሉ። «ጥሙ ከበሽታው ነው?»

«አዎ አባ፣ ከበሽታው ነው።»

«ከእኔ አይዶለም?»

«ከእርስዎ አይደለም።»

ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሸፈኑ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ጤና መኮንኑ ቀስ ብሎ ወጣ። እኔ መውጫ አልነበረኝም፤ በሩ ላይ ባለቤታቸው ቆመዋል።

ያን ጊዜ ነው ቄሱ የነገሩኝ። የከተራ ዕለት ታቦቱን አጅበው ወደ ወንዙ ወረዱ። ገሃድ ስለሆነ እህል ውሃ አልቀመሱም። ሌሊቱን ቀዳሽ እሳቸው ናቸው። ጥሙ ለሳምንታት ሲታገላቸው የቆየ ነው፤ በዚያ ቀን ግን ወንዙ ፊት ለፊታቸው ሲፈስ ሲያዩት ራሳቸውን መግዛት አቃታቸው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከሕዝቡ ተለይተው ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ ሄዱና በደረታቸው ተኝተው እንደ በሬ ጠጡ። ተመልሰውም «አመመኝ፤ አልቀድስም» አሉ። ጠጥቶ መቅደስ መግባቱን አልደፈሩትም። ከዚያ በኋላ በየቅዳሴው ተራ አመመኝ ይሉ ጀመር። ለነፍስ አባታቸው እንኳ አልተናገሩም፤ ስሜቴን መግዛት ያቃተኝ ሆዳም ነኝ ብለው አፈሩ።

ቁጥቋጦው ዘንድ ግን ውሃ የሚቀዱ ሴቶች ነበሩ። ቄሱ ብቻቸውን ከዚያ ሲወጡ ያየ አለ። ቄስ ያለ ምክንያት ቅዳሴ ሲያቆም ደግሞ አገሩ የሚያውቀው ምክንያት አንድ ነው። «ክህነቱን አፈረሰ» ተባለ። ከእገሊት ጋር፣ ከእገሊት ጋር እየተባለ ወሬው በገበያ ዞረ። ባለቤታቸው ይህን የሰሙት ቅቤ ሊሸጡ ተቀምጠው፣ ከአጠገባቸው ካለች ሴት አፍ ነው።

«አመንሻት ወይ እንዳይሉኝ» አሉ ሴትዮዋ ከበሩ ሳይንቀሳቀሱ፤ ንግግራቸው ለእሳቸው ነበር። «አላመንኳትም። ግን ደግሞ አልጠየቅሁዎም። ጠይቄዎ ቢሆን ኖሮ...»

«ብትጠይቂኝም አልነግርሽም ነበር» አሏቸው።

በሳምንቱ በጭነት መኪና ጎንደር ሄዱ። እዚያ የደማቸው ስኳር በመሣሪያ ተለክቶ፣ ቁጥሩ በወረቀት ተጽፎ፣ በቀን አንድ የምትዋጥ ነጭ ኪኒን ይዘው ተመለሱ። ወረቀቱን አምጥተው እንዳነብላቸው ሰጡኝ። ቁጥሩ ከጤነኛ ሰው እጥፍ በላይ ነበር። የጎንደሩ ሐኪም ኪኒኗ ጠዋት ከምግብ ጋር እንድትዋጥ አዟል። ለባለቤታቸውም «ካላበው፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ጣፋጭ አቅምሺው» ብሏቸዋል።

«ጠዋት አይሆንልኝም» አሉ ቄሱ። «ወደ ቅዳሴ እመለሳለሁ። ቀዳሽ ጠዋት ምን ይበላል?»

እኔ ብዙም ሳላስብ «እንግዲያው ማታ ይዋጧት» አልኳቸው። ጤና መኮንኑን አልጠየቅሁም። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ገሉን ያየሁት እኔ፣ በሽታውን ያገኘሁት እኔ ነኝ ብዬ ልቤ አብጦ ነበር።

ኪኒኗ ሠራች። ከፋሲካ በኋላ ሲመጡ ጉንጫቸው ሞላ ብሏል። የደማቸው ቁጥር በየሁለት ወሩ እንዲታይ ስለታዘዘ ደሙን እኔ እየቀዳሁ፣ ነጭ ዱቄት ባለባት ትንሽ ጠርሙስ አድርጌ፣ በጠዋቱ አውቶብስ ወደ ጎንደር እልክ ነበር። የአውቶብሱ ረዳት «የሰው ደም አልጭንም! ጎማ ያፈነዳብኛል» ብሎ አስቸገረኝ። በመጨረሻ ጠርሙሷን በኮባ ጠቅልዬ እርጎ አስመስዬ መላክ ጀመርኩ። አንድ ቀን «እርጎሽ አንድም ቀን አልሸተተም፤ ባለሙያ ነሽ» አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አመሰገንኩት።

ክረምት ገባ። ርብ ሞልቶ ወጣ። ፍልሰታ ሲገባ ቄሱ ከጥምቀት ወዲህ ያጡትን ሊክሱ ይመስል በየቀኑ መቅደስ ይገቡ ጀመር። ቀጥሎ የምነግራችሁን በዓይኔ አላየሁትም፤ ባለቤታቸው ናቸው የነገሩኝ።

ጾሙ በገባ በስድስተኛው ቀን ቄሱ ጽናውን ይዘው ሲያጥኑ እግራቸው ተሳሰረ። ጽናው ከእጃቸው ሊወድቅ ሲል አንድ ዲያቆን ቀለበው። ተሸክመው ወደ ደጀ ሰላም አወጧቸው። ክረምቱ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ የእሳቸው ቀሚስ ግን በላብ ርሷል። ጥርሳቸው ይንገጫገጫል፤ የሚሉት ቃል አይሰማም። አንዱ «ይኸው ቀሰፈው!» አለ። «ሳይገባው ቆሞ ነበር፤ ቀሰፈው።» ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ በሴቶቹ በር ዞረ።

ባለቤታቸው ከቆሙበት ወጥተው በሰው መካከል እየገፉ መጡ። ከመቀነታቸው ሥር ትንሽ የማር ቅል አወጡ። የጎንደሩ ሐኪም ከነገራቸው ቀን ጀምሮ ከወገባቸው ተለይታ አታውቅም። አንድ ቄስ እጃቸውን ያዘ።

«ቅዳሴ አላለቀም! ሥጋ ወደሙ ሳይቀበል ምን ልታቀምሺው ነው?»

«የሚቀበለው በሕይወት ያለ ሰው ነው» አሉ። «ኃጢአቱ በእኔ ይሁን። ዞር በልልኝ!»

በጣታቸው ማሩን ድዳቸው ላይ ቀቡት። ደግመው ቀቡት። ከዚያ በውሃ በጥብጠው በትንሽ በትንሹ አንቆረቆሩት። ጥቂት ቆይቶ ቄሱ ዓይናቸውን ገለጡና ሰዉን ሁሉ አይተው «ቅዳሴው አለቀ?» ብለው ጠየቁ።

መልእክቱ ወረታ የደረሰው በማግስቱ ነው። ጤና መኮንኑና እኔ ተነሣን። መንገዱ ውሃ ነው፤ በታንኳ መሄድ ግድ ሆነ። ጤና መኮንኑ በሕይወቱ ታንኳ ላይ ወጥቶ አያውቅም፤ የደንገሏን ታንኳ ጠርዝ በሁለት እጁ ጨብጦ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የተሻገረው። እኔ ግን የፈራሁት ውሃውን አልነበረም። ከማታዋ ኪኒን በቀር የማስበው ነገር አልነበረኝም።

ቤታቸው ስንደርስ ቄሱ ከመደብ ላይ ተጋድመዋል። የደብሩ አለቃና ሦስት ካህናት ዙሪያውን ተቀምጠዋል። ሽንታቸውን በያዝኩት ሰማያዊ ፈሳሽ አፈላሁት። ማርም ቀምሰው፣ ገንፎም በልተው እንኳ ሰማያዊው ሰማያዊ ሆኖ ቀረ። ኪኒኗ ገና በሰውነታቸው ውስጥ እየሠራች ነበረች።

ጤና መኮንኑ እንደ ልማዱ ተቻኮለ። «አባ፣ ከእንግዲህ መጾም የለብዎትም። ቁርስ ይብሉ!» አለ። ካህናቱ ተያዩ። ቄሱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

«ጥፋቱ የጾሙ አይደለም» አልኩ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። መድኃኒቷ ከምግብ ጋር እንድትዋጥ ነበር የታዘዘው። ማታ ይዋጧት ያልኳቸው እኔ ነኝ። ሌሊቱንና ቀኑን ያለ እህል ሲቆሙ እሷ ስኳራቸውን እያወረደች፣ እያወረደች እዚህ አደረሰቻቸው። አልጠየቅሁም፤ ስንት ሰዓት እንደሚጾሙ እንኳ አልጠየቅሁም።»

ጤና መኮንኑ አየኝ። ሳይቆጣኝ መቅረቱ ከቁጣው በላይ ከበደኝ። ቄሱ ከግድግዳው ሳይዞሩ «ልጅቷን አትንኩብኝ» አሉ። «ጥሜን ያወቀችልኝ እሷ ናት።»

አለቃው ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ ነበሩ። ጭራቸውን እያወዛወዙ ሲያዳምጡ ቆይተው «ልጄ» አሉኝ፣ «መድኃኒቱ ከእህል ጋር ነው የሚሄደው ትያለሽ?»

«አዎ አባታችን።»

«እንግዲያው እህል በሌለበት እሱም አይኑር። ከቅዳሴ መልስ መቁነኑን ሲበላ ይዋጠው። ይህ ምኑ ይከብዳል?»

የሚከብድ ነገር አልነበረውም። ጤና መኮንኑም አሰላሰለውና በጾም ጊዜ ግማሽ ኪኒን ብቻ እንዲሆን ጨመረበት። አለቃው ደግሞ በበኩላቸው «የታመመ ሰው ጾሙን በልክ ነው፤ ቅዳሴውም በየቀኑ አይሆንም፤ በእሑድና በበዓል ብቻ ትገባለህ» ብለው ለቄሱ ቀኖና ሰጡ። ቄሱ እጃቸውን ስመው ተቀበሉ።

ልንወጣ ስንል አለቃው «ያቺ የጎንደር ወረቀት የታለች?» ብለው ጠየቁ። ባለቤታቸው ከሳጥን አውጥተው ሰጧቸው። አለቃው አጥፈው ከጉያቸው ከተቷት። የፍልሰታ ዕለት ከቅዳሴ በኋላ በዓውደ ምሕረቱ ላይ አንሥተው ለሕዝቡ አሳዩዋት አሉ። «ይህ የዚህ ቄስ የደሙ ቃል ነው። ደሙ ታሟል ይላል። ሌላ ያወራ፣ ያወራውን ከየቤቱ ለቅሞ ይመልስ።» ብዙው ሕዝብ ማንበብ አይችልም፤ ቢችልም ቁጥሩ ምን እንደሆነ አያውቅም። ግን ወረቀቷን አይተዋል።

ከዚያ በኋላ ቄሱን አራት ዓመት አየኋቸው። በሦስተኛው ዓመት ሽምብራ ማሳ ውስጥ እሾህ ወጋቸው። በሽታው እግራቸውን አደንዝዞት ስለነበር ሳያውቁት ሰንብተው ሲመጡ አውራ ጣታቸው ጠቁሯል። ያን ቀን ደማቸውን በቱቦዋ ባቆምኩት ጊዜ ገና ሩብ ሰዓት ሳይሞላው ግማሽ ድረስ ወረደ። እንደዚያ ሲፈጥን አይቼ አላውቅም። በዚያው ዕለት ፔኒሲሊን ተወግተው ጎንደር ሄዱ፤ ሁለት ጣት ተቆርጦ እግራቸው ተረፈ። ሲመለሱ በመቋሚያቸው እየተደገፉ ክፍሌ ገብተው «ሁለቱን ጣት ቀብሬ መጣሁ፤ የቀረውን አብረን እንጠብቀዋለን» አሉኝ። ሁለታችንም ሳቅን።

እኔ አግብቼ ወደ ባሕር ዳር ተዛወርኩ። ከጥቂት ዓመት በኋላ አንድ ቀን በሥራ ቦታዬ ለዓይን ሕክምና ወረፋ ከያዙት መካከል ባለቤታቸውን አየኋቸው። ጥቁር ለብሰዋል። ፊታቸውን አስጠግተው በጣታቸው ጉንጬን ዳሰሱኝ።

«አለፉ?» አልኳቸው።

«አለፉ ልጄ። ሰባት ዓመት ሙሉ ቀድሰው አለፉ። በመጨረሻ ኩላሊታቸው ነው አሉ። ሕመሙ አልበረታባቸውም፤ ተኝተው አረፉ።»

አጠገባቸው ተቀምጬ ብዙ ነገር አወራን፤ ስለ ልጆቹ፣ ስለ በቅሎዋ፣ ውሃ ስለወሰደው የአለቃው ቤት። እኔም ለዓመታት ውስጤ የቆየውን ጠየቅሁ፤ ያን ወሬ ያወሩት ሰዎች ምን እንዳሉ።

«አንዷ መጣች» አሉ። «ገበያ ላይ ከአጠገቤ የነበረችው። ተዝካራቸው ላይ መጥታ ጉልበቴን ይዛ አለቀሰች። ይቅር በይኝ አለች።»

«ይቅር አሏት?»

ነጠላቸውን አስተካከሉ። «በአፌ ብያታለሁ። የነፍስ አባቴም አዘውኝ ነበር። እሳቸው ግን፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ አለቃው ወረቀቷን ባሳዩ ማግስት ቤቷ ድረስ ሄደው በርከክ ብለው ከሞሰቧ ቆርሰው በልተው ነው የመጡት። እኔ አልቻልኩም ልጄ። ቅቤዬን ይዤ ገበያ ስሄድ አሁንም ከእሷ ራቅ ብዬ ነው የምቀመጠው።»

ከውስጥ ተራቸው ተጠራ። ብርሃን እንደሚያስቸግራቸው ገብቶኝ ክንዳቸውን ያዝኩና አብረን ገባን።